ጠመቃ ቤቱን አላስረክብም

የቤቴ በር ላይ በቀይ ቀለም «ይፈርሳል» ብለው የጻፉት ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔ ውስጥ ሁኜ ጋን አጥን ነበር። የወይራው ጭስ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ ንፋስ ልቀበል ብወጣ፣ ሁለት የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች አንዱ የቀለም ቆርቆሮ፣ አንዱ ብሩሽ ይዘው የመጨረሻዋን ፊደል ሲጨርሱ አገኘኋቸው።

«ምን እየሠራችሁ ነው?» አልኋቸው።

«ታዘን ነው፣ እህቴ» አለ ብሩሽ የያዘው፣ ፊቱን ሳያዞር። «የጀርባው ግድግዳ ሊወድቅ ነው ተብሏል። ለሰው ሕይወት ያሰጋል።»

«ማን አይቶት ነው?»

«እሱን ቢሮ ሂደሽ ጠይቂ።»

ሄዱ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበርና በነጠላዬ ጫፍ ልጠርገው ብሞክር ይብሱን ተለቀለቀ፤ ነጠላዬም ተበላሸ። ከሰዓት በኋላ ደንበኞቼ አንድ በአንድ መጡ። በሩ ላይ እያነበቡ፣ ዝም ብለው እየገቡ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ለቅሶ ቤት የገቡ ይመስሉ ነበር። ጠላ ቀዳሁላቸው።

ሰፈሩ ይህን ቤት «ጠመቃ ቤት» ይለዋል። ከተማችን መካነ ሰላም መብራት ሳይገባላት፣ አገሩን ይገዙ የነበሩ ባላባት ያሠሩት ነው። ለግብር ድግሳቸው የሚቀርበው ጠላ የሚጠመቀው እዚህ ነበር። ግቢያቸው ዛሬ የለም፤ የቀረው ይህ ቤት ብቻ ነው። ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ በጭቃ የተያያዘበት ነው፤ ውፍረቱ ክንድ ያልፋል። ወለሉ ላይ በሁለት ረድፍ ክብ ክብ ጉድጓዶች ተቆፍረዋል፤ የጋኖቹ መቀመጫ ናቸው። አብዮቱ ሲመጣ ባላባቱ ሄዱ፤ ጋኖቹም ተሰባበሩ። ቤቱ የገበሬ ማኅበር እህል ማከማቻ ሆነ፤ ቆይቶ ባዶውን ቀረና የሌሊት ወፍ ወረሰው። እናቴ ከቀበሌ ተከራይታ ስትገባበት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የወፍ ኩስ ጠርጋ፣ በአራተኛው ቀን ደጁ ላይ እንጨት ተከለችና ጣሳ ደፋችበት። እንዲህ ያለ ጣሳ የተደፋበት ቤት ጠላ እንዳለው ያገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

እኔን በዚህ ጠላ ነው ያሳደገችኝ። ደብተሬንም፣ ጫማዬንም የገዛው እሱ ነው። ትምህርት ቤት ግን «የጠላ ሻጭ ልጅ» ይሉኝ ነበር። እናቴ ይህን ሰምታ አንድ ቀን ብቻ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቧ ሁሉ እኔን ከዚህ ቤት ማውጣት ሆነ። የአሥረኛ ክፍል ፈተና ስወድቅ፣ ያላትን ሽጣ ዐረብ አገር ላከችኝ።

ሰባት ዓመት የሰው ቤት ሠራሁ። ስለ እነዚያ ዓመታት ብዙ አላወራም። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። እኛ ወሎዎች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የጨነቀውን ሰው «አብሽር» እንለዋለን፤ አይዞህ ማለታችን ነው። እዚያ አገር ይኸው ቃል የታዛዥ መልስ ነው። እመቤቲቱ ስታዝዘኝ «አብሽሪ» ማለት ነበረብኝ፤ ያልሽው ይፈጸማል፣ እንደ ማለት። እናቴ ስታመም የምትለኝን ቃል ለወለል መጥረጊያና ለመጸዳጃ ቤት ስለው ኖርሁ። ሲመሽ አፌ ይመረኝ ነበር። አገሬ ስገባ አንድ ነገር ወስኜ ነው የገባሁት፤ ከእንግዲህ ያላመንሁበትን ነገር «እሺ» አልልም።

ስመለስ እናቴ እኔ በላክሁት ገንዘብ ባሠራችው የቆርቆሮ ቤት ትኖር ነበር። ጉልበቷ እምቢ ስላላት ጠመቃ ቤቱን ዘግታው ከርማ ነበር። ዘመድ ሁሉ ቡቲክ እንድከፍት ይመክረኛል። እኔ ግን ቁልፉን ጠየቅኋት።

«ለምንሽ?» አለች።

«ልጠምቅበት።»

ቁልፉን ሰጠችኝ፤ ፊቷን ግን ነሳችኝ። «እጅሽ ጌሾ ጌሾ እንዳይሸት ብዬ ነበር ባሕር ያሻገርሁሽ» አለች። «ተመልሰሽ እዚያው ጋን ሥር? እኔ በዚያ ደጅ ሁለተኛ አላልፍም።» ቃሏን ጠበቀች። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጠችውም። እኔም አልለመንኋት። ቤቴ ነው ብዬ የገባሁበት የመጀመሪያው በር ይህ ነበር፤ ማንም ሳይፈቅድልኝ የምቀመጥበት፣ ማንም ሳያዘኝ የምነሳበት። መንገድ ተዘግቶ የቢራ መኪና ከደሴ በማይመጣባቸው ሳምንታት ሆቴል የለመዱት ሳይቀሩ እኔ ዘንድ ይመጡ ነበር። የጃማ ገብስ፣ ጌሾና ውሃ እስካለ ድረስ የእኔ ቤት የማንንም መኪና አይጠብቅም።

እንግዲህ «ይፈርሳል» የተባለው ይህ ቤት ነው።

በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ሄድሁ። ኃላፊው ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ንግግሩ የአዲስ አበባ የሆነ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ጠረጴዛ ላይ አንዲት ወጣት መሐንዲስ ወረቀት ትመለከታለች፤ በሩ ላይ አራት አምስት ባለ ጉዳይ ቆሟል።

«እህቴ፣ ከተማዋ እየተለወጠች ነው» አለኝ። «ቦታው ለሆቴል ተጠይቋል። ባለ ሦስት ፎቅ። አንቺ ደግሞ ውጭ አገር አይተሽ የመጣሽ ሰው ነሽ፤ ጠላ ቤት ላይ ምን ያጣብቅሻል? ሆቴሉ ሲያልቅ ሥራ አታጪም። አልጋ ማንጠፍ መቼም ታውቂበታለሽ።»

በሩ ላይ ከቆሙት አንዱ ሳቀ።

«አልጋ ሰባት ዓመት አንጥፌያለሁ» አልሁት። «ድርሻዬን ጨርሻለሁ። አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ቤቱ የሚፈርሰው ለሆቴሉ ነው ወይስ ለግድግዳው?»

ትንሽ አመነታ። «ለግድግዳው ነው እንጂ። ሆድ አውጥቷል። ሰው ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?»

«ከተጠገነስ?»

«ከተጠገነማ ምን ክርክር አለ» አለና ፈገግ አለ። የመቶ ዓመት ግድግዳ አንዲት ጠላ ሻጭ ስትጠግነው እየታየው ሊሆን ይችላል።

«እንዲያ ከሆነ ይጻፍልኝ።»

«ምኑ?»

«አሁን ያሉት። ከተጠገነ አይፈርስም ያሉት።»

እስክሪብቶውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። ይኼን ጊዜ መሐንዲሷ ቀና ሳትል፣ ወረቀቷን እያገላበጠች «የጥገና ጊዜ መስጠት እንችላለን» አለች። «ሠላሳ ቀን ይበቃል። ካለቀ በኋላ እኔ አየዋለሁ።» ኃላፊው እሷን አየ፤ እኔን አየ፤ በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየ። በሰው ፊት የተናገረውን መመለስ ከበደው። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ፈረመበት። «ማኅተሙስ?» አልሁ። ማኅተሙም ተመታ።

ከቢሮው ወጣሁ። በእጄ ደብዳቤ አለ እንጂ ስለ ግድግዳ የማውቀው ነገር የለኝም።

ድንጋይ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው የነበረኝ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ እስላም ግንበኛ ናቸው፤ ከሰፈራችን ያላንኳኩት ድንጋይ የለም። ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ጠላ አይጠጡም፤ ነገር ግን የሚያጫውታቸው ሰው ያለው ጠመቃ ቤት ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣሉ። ለሳቸው ከገብስ የሚሠራ የማያሰክር ቀሪቦ ለብቻ በንጹሕ እንስራ አዘጋጃለሁ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ደብዳቤውን አነበብሁላቸው።

«ሠላሳ ቀን» አሉ።

«ዛሬ አንዱ ሄዷል፣ አባባ።»

«እኔ ድንጋይ ማንሳት አልችልም። ወገቤ አልቋል።»

«እርስዎ ይቀመጡና ይዘዙ። እኛ እናነሳለን።»

ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። «አብሽሪ» አሉኝ። ይህን ቃል ለእኔ ሲባል ስሰማው ስንት ዓመቴ። እየተከተልኋቸው ወረድሁ።

ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ፣ በከዘራቸው እየመቱ አዩት። ከዚያ ወደ ጠጪዎቹ ዞሩ። «ይህ ግድግዳ አይለሰንም፤ ሆዱ ካበጠ መፍረስ አለበት። አፍርሰን፣ በዚያው ድንጋይ እንመልሰዋለን። ማን ነው የሚያግዛት?»

ጡረታ የወጣ አንድ መምህር ከሁሉም በፊት ብርጭቆውን አስቀምጦ ተነሳ። ዕድሜ ልኩን ከጠመኔ በቀር ያነሳው ነገር ያለ አይመስለኝም። እሱ ሲነሳ ሌላውም ተነሳ። በነጋታው ሃያ የሚሆን ሰው በደቦ መጣ። ከከላላ ለገበያ የመጡ ሁለት ገበሬዎች ሳይቀሩ በቅሎዎቻቸውን አስረው አንድ ቀን ውለውልን ሄዱ። ጣሪያውን በባሕር ዛፍ ደገፍነው። ከላይ ጀምረን ድንጋዩን አንድ በአንድ አወረድነው፤ ሽማግሌው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው እያመለከቱ፣ ትልቁን ከትልቁ ትንሹን ከትንሹ ሣሩ ላይ አስደረደሩን። እኔ ከጤፍ ጭድ ጋር ጭቃ ረገጥሁ። እግሬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ሁኖ፣ መንገድ ላይ የሚያልፉት ቆመው ሲያዩኝ አየኋቸው። ቆሜ አየኋቸው እኔም፤ እነሱ ናቸው ፊታቸውን ያዞሩት።

በሰባተኛው ቀን መሠረቱ ላይ ደረስን። አፈሩ እንደ ሊጥ ይሟሟል። ውሃ ነው። ክረምት ከበጋ ውሃ ተኝቶበት ኖሯል። ግራ ገባን፤ ወለሉ ሥር ምንጭ የለም። ሽማግሌው ከበርጩማቸው ተነሱና ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ።

«እዚያ ጋ ቆፍሩ» አሉ፣ የማዕዘኑን ድንጋይ እያሳዩ። «ቦይ አለ።»

ቆፈርን። እውነትም በድንጋይ የተነጠፈ፣ ሰው ተንበርክኮ እጁን የሚያስገባበት ቦይ ተገኘ፤ አፉ ግን በድንጋይና በጭቃ ጥርቅም ተደርጎ ተደፍኗል። የጥንቶቹ ጠማቂዎች ጋን ያጠቡበትን ውሃ የሚያስወጡበት ነበር። ወለሉ ሥር የገባው ውሃ ሁሉ መውጫ አጥቶ ወደ መሠረቱ ሲዞር ኖሯል።

«ማነው ይህን የደፈነ ደንቆሮ?» አለ መምህሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

መምህሩ አካፋውን አስቀመጠ፤ ሽማግሌው ቀጠሉ።

«ቤቱ ጎተራ በሆነ ጊዜ ነው። አይጥ በቦዩ እየገባ እህል ጨረሰ ብለው የማኅበሩ ሹሞች ድፈነው አሉኝ። ውሃው በየት ሊወጣ ነው፣ ልላቸው ነበር። ሰዉ የሚፈራበት ዘመን ነው። እሺ አልሁና ደፈንሁት። ከዚያ ወዲህ በዚህ በኩል ባለፍሁ ቁጥር ግድግዳውን አየዋለሁ። በየዓመቱ ሆዱ ሲገፋ አየዋለሁ። ለእናትሽ ልነግራት ነበር፤ አፈርሁ። ላንቺም።»

ልቆጣ ይገባኝ ይሆናል። ነገር ግን «እሺ» የምትለዋን ቃል ክብደት ከእኔ ይበልጥ ማን ያውቃታል? «እንግዲህ እርስዎ ዘግተውታል፣ እርስዎ ይክፈቱት» አልኋቸውና መሮውን ሰጠኋቸው። ወገባቸው አልቋል ያሉት ሰው ተንበርክከው የመጀመሪያዋን ድንጋይ በገዛ እጃቸው ነቀሉ። የቀረውን እኛ ጨረስነው።

ኃላፊው የመጣው በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ነው። ሎደር አስከትሏል። የጀርባው ግድግዳ በዚያ ቀን እስከ ወገብ ብቻ ነበር የደረሰው፤ ቤቱ ከኋላ ክፍት ሁኖ፣ ጣሪያው በባሕር ዛፍ ላይ ቆሞ ይታያል። ከመጀመሪያው የባሰ ይመስል ነበር፤ አልክድም።

«እንዲህ ሁኖማ አይቀጥልም» አለ። «ይኼ ጣሪያ ሰው ይገድላል። ዕቃሽን አውጪ።»

«አሥራ አንድ ቀን አለኝ» አልሁ።

«ደብዳቤው ጠግኚ ነው የሚለው፤ አፍርሺ አይልም።»

ደቦ ላይ ያሉት ሰዎች ድንጋያቸውን እንደያዙ ቆሙ። የሎደሩ ሹፌር ሞተሩን አላጠፋም። እኔ ደብዳቤውን ላመጣ ወደ ውስጥ ስገባ፣ በፊት ለፊቱ በር አንድ ሰው ሲገባ አየሁ። እናቴ ናት። በዱላ ተደግፋ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በዚያ ጉልበቷ መጥታለች። ጎረቤት ሎደር ሲያልፍ አይቶ ነግሯት ኖሯል። እኔን አላናገረችኝም። ቀጥ ብላ ትልቁ ጋን ጋ ሄደች፤ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችና መልሳ ከደነችው። ከዚያ አጠገቡ ያለው መደብ ላይ ተቀመጠች።

ኃላፊው በክፍቱ በኩል ብቅ አለ። «እናቴ፣ ይውጡ፤ አደገኛ ነው።»

«ይህ ጋን ትናንት ነው የተጠነሰሰው» አለችው። «ጥንስስ የያዘ ጋን ከተነቃነቀ ይበላሻል። ሲደርስ ኑ።»

«መቼ ነው የሚደርሰው?»

«እንዳየሩ ነው። ብርዱ ከበረታ ይቆያል።»

«እሺ፣ እሱ ሲደርስ...»

«እሱ ሲደርስ ያ ይጠነሰሳል» አለች፣ ሌላውን ጋን በዱላዋ እያሳየች። «ጠላ ቤት ነው፣ ልጄ። እዚህ ቤት አንዱ ሳይጠነሰስ አንዱ አልቆ አያውቅም። እኔ የሌሊት ወፍ አስወጥቼ ስገባበት አንተ ገና ፊደል ትቆጥር ነበር። ሌላ ሥራ ካለህ ሂድ፤ እኔ ከዚህ አልነሳም።»

ከደቦው መካከል ሳቅ ተነሳ። ኃላፊው ቀላ። የሎደሩ ሹፌር ያኔ ሞተሩን አጠፋ፤ ወርዶም «ጠላ አለ?» አለ። ቀዳሁለት። እየሳቀ ሳይሆን የምር ነበር የጠየቀው፤ ጠምቶታል። ኃላፊው ስልክ ደወለ። ማን ዘንድ እንደደወለ አልሰማሁም፤ ከወዲያ በኩል ግን የሴት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ መሐንዲሷ ትመስለኛለች። «ቀኑ አልደረሰም፣ በማኅተም ሰጥተናታል» የሚል ነገር መሰለኝ። ዘግቶ፣ «አሥራ አንድ ቀን» አለኝ። ሎደሩ ዞሮ ሄደ።

እናቴ ያን ቀን እስክንጨርስ ከመደቡ አልተነሳችም። ልሸኛት ስል «ጌሾው በዝቷል» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲህ መራራ አድርገሽ ስታጠጪ ዝም ያሉሽ አፍረው ነው።» ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትመጣለች፤ በየቀኑም እንጣላለን።

ግድግዳው በሃያ ስምንተኛው ቀን አለቀ። መሐንዲሷ ብቻዋን መጣች። ውሃ ልኳን አስቀመጠች፣ ገመድ ወጠረች፣ ቦዩ ውስጥ ባልዲ ውሃ አስደፋችና ከደጅ ወጥታ መውጣቱን ጠበቀች። ውሃው ወጣ። ሽማግሌው ትከሻቸውን ሰብስበው እንደ ተፈታኝ ተማሪ ቆመው ያዩዋት ነበር። «ይህን ማን ሠራው?» አለች።

«እኔ ነኝ። ያበላሸሁትም እኔው ነኝ» አሏት። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም። ጽፋ ፈረመች።

ሁሉን አሸነፍሁ ብዬ አልዋሽም። ከዚያ ወዲህ የደጁ መንገድ ሲሰፋ የፊት አጥሬንና ብቅል የማሰጣበትን ዳስ ወስዶብኛል። ቤቱም ዛሬም የቀበሌ ነው፤ እኔ ተከራይ ነኝ። ቅርስ ሁኖ ይመዝገብልኝ ብዬ አመልክቻለሁ፤ «እናያለን» አሉኝ፤ ገና እያዩ ነው። ሆቴሉ በደሴ መውጫ ሌላ ቦታ አግኝቶ እየተሠራ ነው። ይቅናቸው። የጀርባው ግድግዳ ሁለት ክረምት አልፎበታል፤ ቆሟል።

ባለፈው ወር ደግሞ አዲስ ኃላፊ መጣ። ደወለልኝ፤ ድምፁ ጨዋ ነው። ቤቱ እንደገና ሊለካ ስለሆነ ለጠጪዎቼ ነግሬ፣ ቤቱ ባዶ የሚሆንበትን ቀን ለለኪዎቹ እንድቆርጥላቸው ጠየቀኝ።

«ባዶ የሚሆንበት ቀን የለውም» አልሁት። «በገበያ ቀን ኑ። ከነሰዉ ለኩት።»